አሞናይት በወሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የደላንታ ኦፓል ስሙ ከገነነ ወዲህ ወሎ ውስጥ ድንጋይ አንስቶ ያላገላበጠ ሰው አለ ለማለት ይከብዳል። ታዲያ ኦፓል ፈላጊው መንገድ ላይ የተጠቀለለ ነገር ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። አብዛኛው ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ አንድ ላይ ልመልሰው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ኪስ የሚሞላ ነገር የለበትም።

አሞናይት ምንድን ነው?

ባህር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ ዘሩ የጠፋ እንስሳ ነው። ሲያዩት ቀንድ አውጣ ይመስላል፤ የቅርብ ዘመዶቹ ግን ኦክቶፐስና ስኩዊድ ናቸው። ሥጋው በስብሶ ጠፍቷል። እኛ የምናገኘው የኖረበትን ቅርፊት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቅርፊቱ ራሱ ሟሙቶ ሄዶ ውስጡን የሞላው ጭቃ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ቅርፊቱ በግድግዳ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። እንስሳው የሚኖረው የመጨረሻው ትልቁ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ክፍሎች ጋዝና ፈሳሽ ይዘው እንዳይሰምጥ ያግዙታል። ባደገ ቁጥር ወደፊት ገፋ ይልና ከኋላው ሌላ ግድግዳ ይሠራል። ከሳንቲም የማይበልጡ አሉ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1895 የተገኘው ደግሞ ስፋቱ 1.8 ሜትር ገደማ ነው፣ ከብዙዎቻችን ቁመት ይበልጣል። የመጨረሻዎቹ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዳይኖሰሮች ባለቁበት ጊዜ ነው።

ወሎ ላይ ባህር ነበር እንዴ?

ነበር። ያውም ሰፊ። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አፍሪካ ከሕንድና ከማዳጋስካር ጋር አንድ ላይ ከነበረችበት ትልቅ አህጉር መሰነጣጠቅ ስትጀምር መሬቱ ዝቅ አለና ባህሩ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦጋዴን በኩል እየገፋ ገብቶ ዛሬ ሐረርጌ፣ ሸዋ፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ ትግራይ የምንለውን አገር በየተራ ሸፈነው። ያን ጊዜ ተራራ የለም፣ አምባ የለም። ሞቅ ያለ፣ ጥልቀቱም ብዙ ያልሆነ ባህር ነበር። ታቹ ላይ የተጠራቀመው ነጭ ጭቃ ሲጠነክር የኖራ ድንጋይ ሆነ።

ቀጥሎ ባህሩ ወደ መጣበት ተመለሰ። በላዩ ላይ አሸዋና ደለል ተነጠፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እሳተ ገሞራ ፈሰሰ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እየደጋገመ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት እስኪኖረው ድረስ። ዛሬ የምንኖረው በዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ደሴ ዙሪያ ለምን አይገኝም? ጦሳን ከላይ እስከ ታች ፈትሻለሁ እኮ።

አይዞህ፣ የፈለግህበት ቦታ ነው እንጂ ፍለጋህ አይደለም ችግሩ። ጦሳ ተራራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። መቅደላም እንደዚያው፣ አምባሰልም፣ ደላንታም። ላሊበላም የተፈለፈለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ የባህር እንስሳ አይጠበቅም። ባህሩ እግራችሁ ሥር አለ፣ ግን በጣም ከታች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ መቅደላ ድረስ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የጂኦሎጂ ባለሙያ አብሮ ነበር። ሰውየው ወታደሩ ሲጓዝ እሱ ድንጋይ እያየ ነው የሄደው። አዲግራትን አይቶ ለአሸዋማው ድንጋይ የአዲግራትን ስም ሰጠ፤ ሕንጣሎን አይቶ የኖራ ድንጋዩን በእሷ ጠራው፤ ላይኛውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ በአሸንጌ ሐይቅና በመቅደላ ስም ለሁለት ከፈለው። የእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። መቅደላን በታሪኩ ብቻ የምናውቀው ሰዎች ይሄን ስንሰማ ትንሽ ይገርመናል።

እሺ፣ የት ልሂድ?

ወደ ገደል። ቀልዴን አይደለም። ደቡብ ወሎን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የሚያዋስኑትን ሸለቆዎች አስቡ፦ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ጃማ። እዚያ አባይና እንደ ወንጭት ያሉ ገባሮቹ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቆርጠው፣ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ድንጋይ አውጥተውታል። እኛ መቆፈር ያልቻልነውን ወንዝ ቆፍሮልናል።

ስትወርዱ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ጥቁሩ ገደል ነው፤ እሱን እለፉት። ቀጥሎ ቀላ ወይም ነጣ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ይመጣል፣ ከሥሩ ደግሞ የሚፈረካከስ ጭቃማ ድንጋይ። ከዚያ ቢጫ የሚያደላው ወይም ግራጫው፣ በደረጃ በደረጃ ወጣ ገባ የሚለው የኖራ ድንጋይ ይጀምራል። ቦታችሁ እሱ ነው። ከእሱም ወርዳችሁ ጀሶ ካያችሁ አልፋችሁታል ማለት ነው፣ ተመለሱ።

ይሄ አደራደር በደንብ የተጠናው በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የአባይ በረሃ ነው። እዚያ የኖራ ድንጋዩ ብቻ 400 ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ በመስኮት አይቶታል፣ ምን እንደሆነ ባያውቅም።

ስለ ጉዞው ደግሞ አደራ። ከደጋ ተነስታችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርዱት፣ ታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ ወባ አለ፣ አባይ ላይ አዞም አለ። ዋናው ጣጣ መውረዱ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ በፀሐይ መውጣቱ ነው። በክረምት አትሂዱ፣ መሬቱ ይንሸራተታል። የአካባቢው ሰው ሳይዙ መውረድ ደግሞ ጀግንነት አይደለም፤ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ የትኛው መንገድ እንደሚያወጣና የትኛው ገደል ላይ ጥሎ እንደሚቀር ከማንኛውም የስልክ ካርታ በላይ ያውቃል።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

አቼቶ ያዙ። ለሰላጣ የሚሆነው ተራው አቼቶ ይበቃል። የድንጋዩን ቆሻሻ ፍቃችሁ ንጹሑ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጉና ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ጆሯችሁንም አስጠጉ። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፣ ሲስ የሚል ድምፅም ይሰማል። አረፋው ደካማ ከሆነ በቢላ ጫፍ ትንሽ ዱቄት ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ጣሉበት፣ ይበረታል። አቼቶ ከሌለ ሎሚም ይሠራል፣ ትንሽ ሰነፍ ነው እንጂ።

ጥቁሩ ድንጋይ ዝም ይላል። ግን ተጠንቀቁ፦ ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ነገር ሞልቶት ሊሆን ይችላል፣ ያ ነጩ ደግሞ አንዳንዴ አረፋ ያወጣል። እሱ ኋላ ውኃ ያስገባው ማዕድን እንጂ ባህር አይደለም።

ያገኘሁት ድንጋይ ክብ ክብ መስመር አለው። አሞናይት ነው?

የሚደርሱኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው የሚወድቁት። ወሎ ውስጥ ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ቆዳው እየተላጠ፣ ክብ በክብ ውስጥ እየሆነ ይፈራርሳል። የመንገድ ቆረጣ ባለበት ሁሉ ታዩታላችሁ። ሲያዩት እውነትም ያታልላል። በውስጡ ቀለበት ቀለበት የሠራ፣ የሚያብረቀርቅ አጌት የሚባል ድንጋይም አለ፣ እሱም ያታልላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጣታችሁን መስመሩ ላይ አድርጉና ተከተሉት። ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ከመጣ ቀለበት ነው፣ አሞናይት አይደለም። እየጠበበ እየጠበበ መሃል ገብቶ ካለቀ ጥቅልል ነው፤ አሁን መነጋገር እንችላለን።

ጥቅልሉስ ቀንድ አውጣ ቢሆን? ድንጋዩን በጎኑ አዙሩት። የብዙዎቹ ቀንድ አውጣዎች ጥቅልል ወደ አንድ ወገን ሾጥጦ ይወጣል። የአሞናይት ግን በሁለቱም ጎን እኩል ነው፣ እንደ ሙክት ቀንድ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ይጠቀለላል፣ ከመሃል ወደ ውጭ የሚዘረጉ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ መስመሮችም ይኖሩታል። የማያሻማው ምልክት ግን የውስጥ ግድግዳዎቹ ናቸው። የላዩ ቅርፊት ከተገፈፈ ግድግዳዎቹ ከቅርፊቱ ጋር የተገናኙበት ቦታ ይታያል፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚጠማዘዝ፣ እንደገና እየተከፋፈለ የሚሄድ ውስብስብ መስመር ነው። ባለሙያዎች አንዱን ዓይነት ከሌላው ከሚለዩባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ይሄ ነው። ቀንድ አውጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሙሉውን አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስባሪ ነው። አውራ ጣት የምታህል፣ ጎንበስ ያለች ቁራጭ፣ ጀርባዋ ላይ ሦስት አራት እኩል የተራራቁ ጎባጣ መስመሮች ያሏት፣ ጫፏ ላይ ደግሞ ያ የተጠማዘዘ መስመር ብቅ ያለባት። አላፊ አግዳሚው ረግጧት ይሄዳል።

ብፈልግ ብፈልግ ዛጎል ብቻ ነው ያገኘሁት። ምን አጠፋሁ?

ምንም። የአባይ ሸለቆው ባህር ጥልቀት ስላልነበረው በብዛት የሚገኙት ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ኮራሎችና የባህር ጃርቶች ናቸው። አሞናይቶች የሚወዱት ገላጣውንና ጠለቅ ያለውን ባህር ነው፤ ስለዚህ ከወፍራሞቹ የኖራ ድንጋይ ንጣፎች ይልቅ በመካከላቸው ያለውን ቀጭንና ጭቃ የበዛበትን ንጣፍ ማየት ይሻላል። በአገራችን በአሞናይት ይበልጥ የሚታወቀው የምሥራቁ ክፍል፣ የኦጋዴን በኩል ነው። መቀሌ ዙሪያም የዚሁ ባህር ድንጋይ ሰፊ ቦታ ላይ ተገልጦ ይታያል። ወሎ ውስጥ ብርቅ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ገደል መውረድ ለማትችሉ፦ በኖራ ድንጋይ የተነጠፈ የሆቴል ወይም የባንክ ወለል ካገኛችሁ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ድንጋዩ ከተወለወለ ውስጡ ያለው ዛጎል ተቆርጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥበቃው ምን ጠፋህ ቢላችሁ ሳንቲም በሉት። ሙገር ሲሚንቶም ጥሬ ዕቃው የዚያው ባህር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ ሳታውቁት ባህሩን ግድግዳችሁ ላይ ለስናችሁት ሊሆን ይችላል።

ካገኘሁት ወደ ቤት ልውሰደው?

አይ። ቅሪተ አካል በአገራችን የግል ንብረት አይደለም፣ ቅርስ ነው። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው። ያለ ፈቃድ መቆፈርም ሆነ ከአገር ማውጣት አይቻልም። ለመንገድ፣ ለማዕድን ወይም ለቤት ሲቆፈር በአጋጣሚ የተገኘም ቢሆን ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡ ድረስ ሳይነካ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ከሕጉ ውጭ ደግሞ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አሞናይት ዋጋው ያለው ከድንጋዩ ጋር ነው። እነዚህ እንስሳት ዓይነታቸው ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ስለነበር የትኛው በየትኛው ንጣፍ እንዳለ ከታወቀ የድንጋዩ ዕድሜ ይታወቃል። ጀርመናዊው አልበርት ኦፔል የጁራሲክን ድንጋይ በዚህ መንገድ የከፋፈለው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ወሎ ላይ የተገኘ አንድ አሞናይት ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ካልታወቀ ግን ቡፌ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ብርቅ በሆነበት አገር ያንን ማጥፋት ያሳዝናል።

ስለዚህ ባለበት ፎቶ አንሱት። መጀመሪያ ከሩቅ ገደሉ እንዲታይ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ መጠኑ እንዲታወቅ። በስልካችሁ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ። ከላዩና ከሥሩ ያለው ድንጋይ ምን እንደሚመስል ጻፉ። ንጣፉ ውስጥ ያለ ነው ወይስ ወድቆ የተንከባለለ፣ እሱንም ጻፉ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ላለው ዩኒቨርሲቲ አሳውቁ። ቦታውን በዝርዝር ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ በማግስቱ ባለ ዶማ ይሞላዋል።

ፈረንጆቹ በመዶሻ እየሰበሩ ሲያወጡ ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። ለነሱ ሲሆን ጽድቅ?

ጥያቄው ልክ ነው። ብዙዎቹ ቪዲዮዎች የእንግሊዝ ባህር ዳርቻ ላይ የተቀረጹ ናቸው። እነ ላይም ሪጂስና ቻርማውዝ አካባቢ ገደሉን ማዕበል በየክረምቱ ይንደዋል፣ የወደቀውን ድንጋይ ሰው ካላነሳው ባህር ፈጭቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ወድቆ የተገኘውን መውሰድ ይፈቀዳል፤ ገደሉን መቆፈር ግን እዚያም አይበረታታም። ብርቅ የሆነ ግኝት ደግሞ ይመዘገባል። የእኛ ገደል እንደዚያ በየሳምንቱ አይናድም። አንዱን ብትተዉት ልጃችሁም ያገኘዋል።

ስንት ያወጣል?

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ጥፋቱ የኦፓል ነው፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ድንጋይ ሁሉ ብር ይመስላል። አሞናይት ግን በዓለም ገበያ ላይ እንደ ልብ ነው። ማዳጋስካር ለሁለት ሰንጥቃ እየወለወለች ትሸጣለች፣ ሞሮኮም ገበያውን አጥለቅልቃዋለች፣ በዚያ ላይ በሙጫና በሲሚንቶ የተሠራ ሐሰተኛም ሞልቷል። እንደ ጌጥ ድንጋይ የሚቆጠረው በካናዳ አልበርታ የሚገኘው ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያለው ዓይነት ነው፣ እሱም ቅርፊቱ በተለየ ሁኔታ ስለተጠበቀ። የእኛዎቹ ግራጫ ናቸው። ደላላ ደውሎ "ገዢ አለኝ" ካለህ ስልኩን ዝጋው፤ ሕገወጥ ነው፣ ደግሞም አያወጣም።

ደላንታ ኦፓል ውስጥስ አሞናይት ይኖራል?

አይኖርም። የደላንታ ኦፓል ያለው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ አሞናይቶች ያኔ ካለቁ ቆይተዋል። ኦፓል የሆነ እንጨት ግን እዚያ ይገኛል፣ እሱም ቅሪተ አካል ነውና ስታገኙት አትስበሩት። ኦፓል የሆነ የባህር ዛጎል የምታዩት አውስትራሊያ ውስጥ ነው።

ከባቲ ወደ ሚሌ ስወርድ የማየው ዛጎልስ? ሉሲ ያለችበት አይደል?

ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበር፣ ዛሬ አፋር ነው። እዚያ ያለው ደለል የወንዝና የሐይቅ ነው፣ ሉሲም ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው። ዛጎል ብታገኙ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ነው። ከሉሲ ዘመን ይልቅ የአሞናይቶቹ ባህር 50 እጥፍ ይርቃል።

አያቴ የኖኅ ጎርፍ ያመጣው ነው ይላሉ። እውነት ነው?

አያትህን አትከራከር፣ ቡና አፍላላቸውና ይህን ጠይቃቸው። እኔ ቄስም ሼህም አይደለሁም፣ ማየት የምችለው ድንጋዩን ብቻ ነው። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጀሶ አለ፤ ጀሶ ደግሞ የባህር ውኃ በፀሐይ ሲተን የሚቀር ነው። አንድ ጎርፍ አገር እያጥለቀለቀ በዚያው ጊዜ ሊደርቅ አይችልም። ከላይ ኮራል አለ፣ እሱም እዚያው ተክሎ ለማደግ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው። ከላይ እስከ ታችም የእንስሳቱ ዓይነት ይለያያል፣ ጎርፍ ቢሆን ደበላልቆ ነበር የሚያስቀምጣቸው። አያትህ ባህር እንደነበረ ማወቃቸው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ የተማረ ሰው ያንን አያውቅም።

የጥንት ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ አሞናይት ጽፈዋል ይባላል?

ሮማዊው ፕሊኒ ከ1,900 ዓመት በፊት በኢትዮጵያ እጅግ ከሚከበሩ ድንጋዮች አንዱ የአሞን ቀንድ ነው፣ ወርቅማ ነው፣ የበግ ቀንድ ይመስላል፣ ትንቢታዊ ሕልም ያሳያል ብሎ ጽፏል። አሞን የግብፆች አምላክ ነው፣ አሞናይትም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ብቻ ሮማውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ስለነበር ወሎ ነው ብላችሁ እንዳትፎክሩ።

ለተማሪዎቼ ማሳየት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ሸክላ ጭቃና ጀሶ ይበቃል። የማንኛውንም ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለስላሳ ጭቃ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንሱት፣ ጉድጓዱ ውስጥ በውኃ የተበጠበጠ ጀሶ አፍስሱ፣ ሲደርቅ ጭቃውን አጥባችሁ አንሱ። ልጆቹ ቅርፊቱ ጠፍቶ ቅርጹ እንዴት እንደሚቀር በዓይናቸው ያያሉ። ጀሶው ቶሎ ስለሚጠነክር ለእያንዳንዱ ቡድን ለየብቻ በጥብጡ፣ የተረፈውንም ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፉ፣ ቧንቧው ይደፈናል።